ወርቁ የት ነው ያለው?

ባለፈው እትም፣ በዚህ ዓምድ ግርጌ ትንሽ ቦታ ተርፎ ነበር። ባዶ እንዳይቀር ብዬ ሦስት መስመር ጣልኩበት። “የእንግሊዛዊውን የአልጀርኖን ብላክዉድን ‘ዘ ዊሎውስ’ አንብቡ” አልኩ። “አኻያዎቹ” እንበለው። በ1907 እ.ኤ.አ. የታተመ አጭር ልብወለድ ነው። እንደ ፊደሉ መጠን ከ50 እስከ 80 ገጽ ቢሆን ነው። ለሦስት መስመር ይህን ያህል ደብዳቤ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ግማሹ ደግሞ ወቀሳ ነው። እናም የዛሬው ዓምድ ሙሉውን የሱ ይሁን። ያላነበባችሁ ተጠንቀቁ፤ መጨረሻውን መናገሬ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጡረታ ልወጣ 2 ዓመት የቀረኝ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጠቆሙንን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ በሦስተኛው ጨረስኩት። ቋንቋው ማር ነው፤ ግን ማርም በጭልፋ ሲሰጡት ሰው ይሰለቻል። አንድ ዓረፍተ ነገር አምስት መስመር! ሁለት ሰዎች በታንኳ ይሄዳሉ፣ ደሴት ላይ ያድራሉ፣ ይፈራሉ፣ አለቀ። የፈሩት ምን እንደሆነ እንኳ አልተነገረንም። በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ሰሙን አይቻለሁ። ወርቁ የት ነው ያለው? (ሂሳቡ ያልገጠመለት)

መልስ፦ ሦስት ጊዜ መጀመርዎን ሳላደንቅ አላልፍም። እኔ ብሆን በሁለተኛው ለሰው እሰጠው ነበር።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ምንም አልመሰለኝም። ያኔ ሥራዬ እርማት ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጽሑፍ ላይ የጎደለ አራት ነጥብ ስለቅም እውላለሁ። ማታ ደግሞ ልብወለዱን በዚያው ዓይን አነባለሁ። ዓይኔ ስህተት ይፈልጋል እንጂ ሌላ ነገር አያይም። በአንድ ማታ ጨረስኩትና “ብዙ ዛፍ፣ ብዙ ንፋስ” ብዬ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ከዚያ ታላቅ እህቴ ዓይኗን ታክማ ለሦስት ሳምንት ማንበብ ተከለከለች። ማንበብ የተከለከለ አንባቢ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቤቱን ታምሰዋለች። ማታ ማታ እያነበብኩላት ላረጋጋት ሞከርኩ። እንግሊዝኛ አትወድም። ስለዚህ አንዱን ዓረፍተ ነገር በዓይኔ አነባለሁ፣ በአፌ በአማርኛ እመልሰዋለሁ። አጭር ስለነበረ ብቻ ነው ያንን መጽሐፍ ያነሳሁት።

ጉዱን ያየሁት ያኔ ነው።

እንግሊዝኛው ማን ምን እንዳደረገ ከፊት ይናገርና ዝርዝሩን ከኋላ ይጎትተዋል። አማርኛችን ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ እነዚያን አምስት መስመሮች በአፌ ይዤ እስከ ግሱ መድረስ አለብኝ። እህቴ ግሱን እየጠበቀች ትንፋሿን ይዛለች። ወንዙ ሞልቶ፣ ንፋሱ ጋብ ብሎ፣ ቅጠሉ እርስ በርሱ እየተሻሸ፣ እሳቱ ወደ ፍም ወርዶ... “ምን ሆነ በይ እንጂ!” ትለኛለች። ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ግን ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመናል። እርስዎን ያሰለቸዎት ርዝመት ለካ ሥራ ነበረው።

ሌላ ጣጣም መጣ። እንግሊዝኛው አኻያዎቹን “ዘይ” ብሎ ይጠራል፤ ለሰውም ለዕቃም ያው ነው። እኔ ግን መምረጥ አለብኝ። መጀመሪያ ላይ “አኻያው ይወዛወዛል” እል ነበር፣ እንደ ዕቃ። መሀሉ ላይ ስደርስ ሳላውቀው “ይንሾካሾካሉ፣ ይጠጋሉ” ማለት ጀምሬያለሁ። እህቴ አስቆመችኝ። “ዛፍ ናቸው ወይስ ሰው? አንዱን ወስኚ” አለች። ጸሐፊው ያልወሰነውን እኔ በምን አቅሜ? (አኻያ ያው በመዝሙረ ዳዊት መሰንቆ የተሰቀለበት ዛፍ ነው። እዚያ ከሐዘንተኞች ጋር የቆመ ዛፍ ነው። እዚህ ከማን ጋር እንደቆመ አይታወቅም።)

አሁን ወደ ወርቁ እንምጣ።

ቅኔ ሲፈታ ያለውን ደስታ ያውቁታል። ኅብረ ቃሉን ያገኙታል፣ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ያነቡታል፣ ወርቁ ብቅ ይላል፣ “ይበል!” ይላሉ። እኛ ማንኛውንም ጽሑፍ በዚያ እጅ ነው የምንፈለፍለው። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ላይ ግን ሰሙ አለ፣ ኅብረ ቃሉም ያለ ይመስላል፣ ወርቁ መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ያለው ጉድጓድ ነው። ቀልዴን አይደለም። ታሪኩ ውስጥ ጉድጓድ አለ። ደሴቱ አሸዋ ላይ፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያሉ ጉድጓዶች ያገኛሉ። ማን እንደቆፈራቸው አይነገርም። ጸሐፊው ረስቶት አይደለም።

ምክንያቱን አንደኛው ሰውዬ ራሱ ይናገረዋል። ሁለት ናቸው፦ ተራኪውና ስዊድናዊ ጓደኛው። ስዊድናዊው መጀመሪያ ላይ ደረቅ፣ ምናብ የሌለው ሰው ተብሎ ነው የሚተዋወቀን። ሁለተኛው ማታ ላይ ግን ጓደኛውን የሚለምነው እሱ ነው። ስለ እነሱ አታስብ፣ ያሰብከው ይሆናል ይለዋል። እንግዲህ እዚያ ደሴት ላይ ነገሩን በስሙ መጥራት ማለት መንገድ መጠቆም ነው። የሚፈሩት ነገር እንዲያገኛቸው አይፈልጉም። ስለዚህ ቋንቋው ይዞራል፣ ይዞራል፣ በዳር በዳሩ ይሄዳል። ያ ሁሉ ቅጽል ጌጥ አይደለም፤ ሰው ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ ሲሄድ እንደሚያደርገው ነው።

ትንሽ ምሳሌ ልስጥዎት፤ የራሴ ናት። “ቤቱ ባዶ ነበር።” ይህ መረጃ ነው። “ቤቱ፣ ሰዎቹ ከወጡ ሩብ ሰዓት ያልሞላ ይመስል፣ ባዶ ነበር።” አሁን ትንሽ ቆም አሉ አይደል? ማን ወጣ? ለምን ወጣ? እኛ ስለመጣን ነው? “ወንበሩ ሞቅ ብሏል” ብዬ ብጨምር ደግሞ ወደ ኋላዎ ያያሉ። የጨመርኩት አንድም ድርጊት የለም። ቅጽልና ሐረግ ብቻ ነው።

ይሁንና ሁልጊዜ ማር አይደለም። የቀጠነበትን ቦታ ይፈልጉ። ጎበዝ ጸሐፊ ገጹን በሙሉ አስውቦ ሲመጣ ይቆይና፣ ድንገት አንድ ነገር በባዶ ቃል ይነግርዎታል። ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ ጠዋት ሲነሱ አንድ መቅዘፊያ የለም። ታንኳው ሆዱ ላይ ተቀድዷል። የቀረው መቅዘፊያ በአሸዋ ወረቀት እንደታሸ ተፍቆ ቀጥኗል፤ አንዴ ጠበቅ አድርገው ቢቀዝፉበት ይሰበራል። በቃ። የሌሊቱ ራእይ ቅዠት ነው ሊባል ይችላል። መቅዘፊያው ግን እጃቸው ላይ ነው።

ዳቦውን ያስታውሱታል? እኔ መጀመሪያ ሳነበው ዘልየዋለሁ። ለእራት የምግብ ጆንያውን ሲፈትሹ ዳቦ የለም። ተራኪው ቆይቶ ያስታውሰዋል፦ ፕሬስበርግ ላይ፣ የዛሬዋ ብራቲስላቫ፣ ዕቃ ሲገዙ ዳቦውን ረስቶታል። ይስቃል። አንባቢም አብሮት እፎይ ይላል። ስዊድናዊው ግን ቀስ ብሎ፣ አጃውም ከጠዋቱ ቀንሷል ይላል። ይህን ስተረጉም እህቴ “እንዴ!” ብላ ከአልጋዋ ተነሳች። ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ግን ይህን አልነበረም። ገና ቀደም ብሎ፣ ጠዋት ሲነጋ፣ “ቆይ፣ ደሴቷ ትናንት ከዚህ አትበልጥም ነበር?” ብላኝ ነበር። ትበልጥ ነበር። ወንዙ እየበላት ነው። እኔ በዓይኔ አንብቤ ያላየሁትን፣ ዓይኗ በፋሻ የታሰረ ሰው አየችው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እርስዎ ሂሳብ የሚያመሳክሩ ሰው ስለሆኑ። መጀመሪያ አካባቢ፣ ገና ደሴቱ ላይ እንደደረሱ፣ ወንዙ ላይ እየተገለባበጠ የሚሄድ ጥቁር ነገር ያያሉ። የሰው ሬሳ መስሏቸው ይጮኻሉ። ከዚያ ይጠልቃል፤ ኦተር የሚሉት፣ ውሃ ውስጥ እየዋኘ አሳ የሚበላው ፀጉራም እንስሳ ነው። ይስቃሉ። አሁን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይክፈቱ። የሰመጠ ሰው ሬሳ አግኝተዋል፤ ገላው ላይ እነዚያ ጉድጓዶች አሉ። ወንዙ ሬሳውን ይወስደዋል። ሲወስደው እንዴት እያለ ነው የሚሄደው? እንደ ኦተር እየተገለባበጠ። መጀመሪያ ሬሳ መስሎ እንስሳ የሆነው፣ መጨረሻ ላይ እንስሳ መስሎ ሬሳ ሆነ። ደብዳቤዎ ላይ “አለቀ” ብለው የጻፉት ይህንን ነው። በእርስዎ ሙያ ወጪና ገቢ ሲገጥም ምን ይባላል?

ስለዚህ አንዴ ይድገሙልኝ። በዚህኛው ግን “ምንድን ነው?” አይበሉ። እርሳስ ይያዙና “የቱ ጋ ነው ጸጥ ያልኩት?” ይበሉ፤ እዚያ ጋ ነጥብ ያድርጉ። የኔ ነጥቦች ራእዮቹ ላይ አይደሉም። አጃው ላይ ነው አንዱ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 19 ዓመቴ ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ በጣም እወዳለሁ፤ ግን መዝገበ ቃላት ሳልይዝ አልችልም። አንድ ገጽ ላይ 20 ቃል እፈልጋለሁ። ስመለስ ታሪኩ ጠፍቶኛል። ምን ላድርግ? (ከመዝገበ ቃላት ጋር የተጋባችው)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ፍቺ ይሻልሻል። የዘላለም ሳይሆን የአንድ ማታ።

መጀመሪያ ያለ መዝገበ ቃላት አንብቢው። ያልገባሽን ቃል በእርሳስ አስምሪና እለፊ። ስትጨርሺ ያሰመርሽውን ተመልከቺ፤ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመለሰውን ብቻ ፈልጊ። ጸሐፊው ደጋግሞ ያመጣው ቃል ሥራ ላይ ያለ ቃል ነው። አንዴ ብቻ መጥቶ የሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለድምፁ ነው የመጣው፤ ድምፁን ደግሞ ሰምተሻል።

ታዲያ ሁሉም ለድምፅ ነው ብለሽ እንዳትተይው። አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪክ ጸሐፊ ሃዋርድ ፊሊፕስ ላቭክራፍት “ሳይክሎፒያን” የሚል ቃል ይወዳል። እኔ ለብዙ ጊዜ “ግዙፍ” ብዬ ነበር የማልፈው። በኋላ ሳየው፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በትልልቅ ድንጋይ የተነባበረ ጥንታዊ ግንብ ስም ነው። የጥንት ግሪኮች ያንን ግንብ ሲያዩ ሰው ሊሠራው አይችልም፣ ባለ አንድ ዓይኖቹ ግዙፎች ናቸው የሠሩት ብለው አመኑ። አየሽ? “ግዙፍ” ስትዪ መጠን ነው። “ሳይክሎፒያን” ሲባል ግን “ይህን የሠራው ሰው አይደለም” የሚል ወሬ አብሮ ይገባል። ይህን የመሰለ ቃል ስታገኚ ግማሽ ሰዓት ብታጠፊበት አይቆጭም።

ደግሞ በግልጽ ልንገርሽ፣ እኚሁ ሰውዬ “ሊነገር የማይችል፣ ሊገለጽ የማይችል” ሲያበዙ እኔንም ይታክተኛል። ሊገለጽ ካልቻለ ለምን ስድስት ገጽ ፈጀ? የከበደሽ ሁሉ ያንቺ ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ አጭር ስለሆነ በአንድ ቁጭታ መጨረስ አለብኝ ወይ? ስልኬ ላይ ነው የማነበው፣ ብዙ ጊዜ እየቆራረጥኩ። (ቁርጥራጭ አንባቢ)

መልስ፦ አሜሪካዊው ጸሐፊ ኤድጋር አለን ፖ በ1842 እ.ኤ.አ. በጻፈው ግምገማ አጭር ልብወለድን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድና ሁለት ሰዓት የሚነበብ ነገር አድርጎ ነበር ያየው። መሀል ላይ የዓለም ጉዳይ ከገባበት፣ ጸሐፊው የገነባው ስሜት ይፈርሳል ባይ ነው። ስልክ አላየም እንጂ ምን ይል ነበር!

“አኻያዎቹ” ከዚያ ትንሽ ይረዝማል። የኔ ምክር ሁለት ማታ ነው። ሰዎቹ ደሴቱ ላይ ሁለት ሌሊት ያድራሉ፤ አንተም ከነሱ ጋር እደር። የመጀመሪያው ሌሊት ነግቶ ደሴቱን ሲያዩ ዝጋው። በማግስቱ ማታ ቀጥል። ማሳወቂያውን አጥፋው። መብራቱን ግን አታጥፋው፤ ማንም አይሸልምህም።

ጥያቄ፦ “ዊርድ ፊክሽን” የሚባለው ከአስፈሪ ልብወለድ በምን ይለያል? በአማርኛስ ምን እንበለው? (ስም ፈላጊ)

መልስ፦ “ዊርድ” የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጥንት ስም ነበር፤ ትርጉሙም ዕጣ፣ የተጻፈ ነገር ማለት ነው። “የማይመስል፣ ግራ የሚያጋባ” ወደሚል ትርጉም የመጣው ኋላ ነው። “ዊርድ ቴልስ” የተባለው መጽሔት በ1923 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ መታተም ሲጀምር ስሙ የዘውጉ መጠሪያ እንዲሆን ብዙ ረዳ። ብላክዉድ ግን ከዚያ በፊት ነው የጻፈው። በ1927 ላቭክራፍት ስለ አስፈሪ ሥነ ጽሑፍ ረጅም ድርሰት አሳትሞ ብላክዉድን ከፍ አድርጎ አስቀመጠው፣ “አኻያዎቹ”ንም አወደሰ።

ልዩነቱን እንዲህ ነው የማየው። የሙት መንፈስ ታሪክ ላይ መንፈሱ ጉዳይ አለው። ተገድሏል፣ ተበድሏል፣ ውርስ ተቀምቷል። ጉዳዩ ሲፈጸም ይሄዳል። እዚህኛው ላይ ግን ያ ነገር ከኛ ጋር ጉዳይ የለውም። ሊቀየመንም ሊወደንም አላሰበም። መንገዱ ላይ ቆመን ተገኘን፣ ይኸው ነው።

ስሙን በተመለከተ “ዘግናኝ” አይደለም፤ ደም የለበትም ማለት ይቻላል። “ምትሃታዊ” ደግሞ ተረት ተረት ይሸታል። እኔ “እንግዳ ልብወለድ” እላለሁ። “እንግዳ” የምንለው ያልለመድነውን ነገር ነው። ቤታችን የመጣውንም ሰው እንግዳ ነው የምንለው። እንግሊዝኛው ይህ ዕድል የለውም። “አኻያዎቹ” ላይ ደግሞ ቃሉ ይገለበጣል። ደሴቱ የነሱ ነው። እንግዶቹ ሁለቱ ሰዎች ናቸው፤ ማንም አልጠራቸውም። ገና ሲደርሱ በጀልባ የሚያልፍ ሰው ከሩቅ ይጮኽባቸዋል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ በመጨረሻም ያማትባል። ንፋሱ ድምፁን ይበላዋል፤ ምን እንዳለ አይሰሙም። እኔ ግን “ባለቤቶቹ ሳያዩዋችሁ ውጡ” ያለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ላቭክራፍትን ማንበብ ጀምሬ ነበር። ጓደኛዬ “ጥቁር ይጠላ የነበረ ሰው ነው፣ እንዴት ታነቢዋለሽ?” አለኝ። አቋረጥኩት። አስተያየትዎ ምንድን ነው? (በመሀል የቀረሁ)

መልስ፦ ጓደኛሽ ትክክል ነው። ደብዳቤዎቹም አንዳንድ ታሪኮቹም ይመሰክራሉ፤ “የዘመኑ ሰው ነበር” ብሎ ማለፍ አይቻልም። በ2011 እ.ኤ.አ. የናይጄሪያ ዝርያ ያላት ደራሲ ኔዲ ኦኮራፎር ለምናባዊ ልብወለድ የሚሰጠውን የዓለም ፋንታሲ ሽልማት ስታሸንፍ የተሰጣት ሐውልት የሱ ራስ ቅርጽ ነበር። ያንን ሰው ቤቷ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ጻፈች። ሌሎችም ተነሱ። በ2015 ሽልማቱ ያንን ቅርጽ ማቆሙ ይፋ ሆነ።

እኔ አነበዋለሁ፣ ግን አላመነውም። ከ“አስፈሪው ነገር” ጀርባ የሰው ፊት ሲያስቀምጥ እዚያ ላይ ያለው ፍርሃት የሱ የግሉ ነው፤ የኔ አይደለም፤ አልበደርለትም። ከዋክብትንና ባሕርን ሲያስፈራን ግን ተከትየው እሄዳለሁ። ያቋረጥሽውን መጨረስ ግዴታሽ አይደለም። ብትፈልጊ ከሱ ይልቅ ቪክተር ላቫል በ2016 ያሳተመውን “ዘ ባላድ ኦፍ ብላክ ቶም” አንብቢ። ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የላቭክራፍትን አንዱን ዘረኛ ታሪክ ወስዶ ከሌላኛው ወገን ይተርከዋል። አጭር ነው። ንዴቱም ፍቅሩም አብረው አሉበት፤ ለላቭክራፍት ለራሱ ነው መታሰቢያ ያደረገው፣ ከነቅሬታው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ሽፋኑን አይቶ “እኔም ላንብበው” ይላል። ልስጠው?

መልስ፦ ይሰለቸዋል። ችግሩ ያ ነው እንጂ ፍርሃቱ አይደለም። በ15 ዓመቱ እንደገና ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ትናንት ሌሊት ጨረስኩት። ባለቤቴ “ምን ሆነ ታዲያ?” ብሎ ጠየቀኝ። ልነግረው ስሞክር “ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ዛፎቹ...” ብዬ ቆምኩ። ሳቀብኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው? (ያፈረች አንባቢ)

መልስ፦ አይፈሩ፣ ማንም ነግሮት አያውቅም። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከተረኩት እውነትም ሁለት ሰዎችና ዛፍ ነው የሚሆነው። ንፋሱን መተረክ አይቻልም፣ ሌሊት ድንኳኑ ላይ ኮቴ የመሰለውን ድምፅም፣ ከላያቸው ደወል የመሰለውን እንግዳ ድምፅም።

አንድ ነገር ብቻ ይምረጡና እሱን ይንገሩት። እኔ ብሆን ስለ መቅዘፊያው እነግረዋለሁ፤ ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት እንደ ወረቀት ቀጥኗል፣ ደሴቱ ላይ ደግሞ ከነሱ ሌላ ሰው የለም። “ማን ፋቀው?” ማለቱ አይቀርም። እርስዎም አያውቁም፤ እንደማያውቁ ይንገሩትና ወደ ሥራዎ ይሂዱ። እህቴ ዓይኗ ከዳነ ቆየ፤ መጽሐፉን ራሷ ወስዳ ሁለቴ አንብባዋለች። አሁንም ሻይ እየጠጣን ዝም ካልን፣ ከየት መጣ ሳትል፣ “ግን መቅዘፊያውን ለምን አልሰበሩትም? ለምን አቀጠኑት?” ትለኛለች።